የሰይድ ካንዴላና የእናቴ ባና

ብልጭታ ሰጪው ካንዴላ ከሞተር ሲፈታ የሚወጣ አንድ ሽታ አለ። ቤንዚን ነው እንዳይሉት ጥላሸት አለበት፤ ጥላሸት ነው እንዳይሉት የጋለ ብረት ይሸታል። ባለፈው ዓመት ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም የተሳፈርኩባት አሮጌ የቤንዚን ሚኒባስ ዳገቱ ላይ ስትንተፋተፍ ቆይታ ቆመች። ሾፌሩ የፊቱን ወንበር አንስቶ ካንዴላ መፍታት ሲጀምር ያ ሽታ መጣብኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ፀሐይ ሲሞቅ እኔ ከአጠገቡ አልነቃነቅ አልኩ።

«እስቲ አሳየኝ ልጄ» አልኩት።

ሽበቴን አየ፣ ነጠላዬን አየ፣ ከዚያ ለማስደሰት ያህል ሰጠኝ። ጫፉ በደረቅ ጥላሸት ጠቁሯል። ከውስጥ ያለው ነጭ ሸክላም አጭር ነው።

«ይሄ ለዚህ ደጋ ይቀዘቅዛል። አንድ ደረጃ ሞቅ የሚለውን አድርግባት።»

«እማማ፣ ጋራዥ ነበርዎት እንዴ?»

«የለም። ባና ነው የነበረን።»

ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ቤታችን ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ደጋው አልቆ የአባይ በረሃ የሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነበር። ከጓሯችን ገብስ ይዘራል፤ ከደጃችን ትንሽ ወረድ ካሉ ደግሞ ወበቁ ፊት ይመታል። ከለጋምቦ፣ ከአቀስታ በኩል ወደ ቆላ ገበያ የሚወርድ ሰው ሁሉ ባና ለብሶ ይመጣል። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው። ደጋ ላይ ያለ እሱ አይታደርም፤ በረሃ ከገቡ በኋላ ግን ሸክም ነው። ስለዚህ ወራጁ ሁሉ ባናውን እኛ ቤት አኑሮ ይወርዳል፣ ሲመለስ ለብሶት ይሄዳል። ደንቡ ከአያቶቼ ጀምሮ የኖረ ነበር። ለውለታው የሚከፈል ነገር የለም፤ የመጣ ሰው ሎሚ ወይም የማሽላ እሸት ጣል አድርጎ ያልፋል።

አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤቱንም ደንቡንም የያዘችው እናቴ እታገኝ ነበረች። የሰው ባና ለሌላ ሰው ለአንዲት ሌሊት እንኳ አታለብስም። ብርድ ያንቀጠቀጠው እንግዳ ቢመጣ የራሷን ጋቢ አውልቃ ትሰጠዋለች እንጂ ከግድግዳው ላይ አንድ ባና አታወርድም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ትል ነበር። የእኔ ሥራ ደግሞ ባናዎቹን መለየት ነበር። ሰውየው ገና ከጠመዝማዛው ብቅ ሲል እሮጥና የእሱን አውርጄ እጠብቀዋለሁ። በጥለቱ አውቀዋለሁ፣ በእሳት በተበሳው ቀዳዳ አውቀዋለሁ፣ ሁለት ከተመሳሰሉብኝ አሽትቼ እለያለሁ፤ የእያንዳንዱ ቤት ጭስ ለየብቻ ነውና። አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ከተማ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ሆኜ በሒሳብ ብዙም አልነበርኩ፤ በባና ግን የሚደርስብኝ አልነበረም።

ሰይድ የሚባለው ሾፌር ወደ ቤታችን የመጣው በዚያ ዘመን ነው። የደሴ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ። የሚነዳው የአንድ የከተማችን ነጋዴ የሆነችውን ባለ ስድስት ካንዴላ አሮጌ የቤንዚን ጭነት መኪና ነበር። ነጋዴው ከቆላ ሰሊጥና ማሽላ ሊያወጣበት በቁልቁለቱ ላይ መንገድ አስቆፍሮ ነበር። መንገድ ከተባለ ነው እንጂ ፍየል የምታማርርበት ነገር ነው። በረሃው ዝናብ ከነሳው ወዲህ ግን የሚወጣ እህል ስለሌለ መኪናዋ እስከ ወንዙ መውረዷን ትታ ከደሴ ደጋ ለደጋ ትመላለስ ነበር። ሰይድም እኛ ግቢ አቁሟት ያድራል።

ጠዋት ጠዋት ውርጭ ምድሩን ነጭ ሲያደርገው ከተማ ውስጥ ያደሩ መኪኖች አልነሳም ይላሉ። የሰይድ ግን ገና በመጀመሪያው ትነሳለች። ያን ጊዜ አንገቱን ሰገግ አድርጎ፦

«ሙቅ ካንዴላ ነዋ! የደጋ መኪና ሙቅ ካንዴላ ካላደረጉላት ወላሂ አትነሳም» ይላል።

ይህን ሰምቼ አንድ ምሽት ማንም ሳያየኝ ትርፍ ካንዴላዎች የሚያስቀምጥባትን ቆርቆሮ ከፍቼ፣ ያሉትን በሙሉ ምድጃው ዳር ትኩስ አመድ ውስጥ ቀበርኳቸው። ሙቅ ማለት እንዲህ ነው ብዬ ነዋ! ሰይድ ጠዋት ቆርቆሮዋን ባዶ አግኝቶ ሲያፈላልግ እኔ በኩራት ከአመዱ አውጥቼ ሰጠሁት። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ።

«ትርንጎ፣ ነይ ቁጭ በይ» አለኝ። ሁለት ካንዴላ ጎን ለጎን ያዘ። «አየሽ ይህን ነጭ ሸክላ? የዚህኛው ረጅም ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ሙቀት ቶሎ አይወጣለትም። የዚህኛው አጭር ነው፤ ቶሎ ይወጣለታል። ረጅሙን ሙቅ እንለዋለን፣ አጭሩን ቀዝቃዛ።»

«ሙቁ ሞተሩን ያሞቀዋል?»

«አያሞቅም። ባና የለበሰ ሰው እሳት ይሆናል እንዴ? የገዛ ሙቀቱን ነው የሚይዝለት። ይሄም እንደዚያው ነው፤ የራሱን ጫፍ ብቻ ነው የሚያሞቅ። ጫፉ ሲሞቅ ጥላሸቱን ያቃጥልና ይጸዳል። ካልሞቀ በጥላሸት ይታፈናል፣ ብልጭታው ይጠፋል።»

ስለ ባና ሲነገረኝ የማይገባኝ ነገር አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙቁ ባና የለበሰው፣ ቀዝቃዛው እርቃኑን የቀረው ሆነልኝ። ቁጥራቸውን ካንዴላው ጎን ላይ ተቀርጾ ሳነብ ደግሞ ሰይድ እንዳታምኚው አለኝ። ያንዱ ፋብሪካ ቁጥር ሲጨምር እየሞቀ ይሄዳል፣ የሌላው ሲጨምር እየቀዘቀዘ። ቁጥር ይዋሻል፣ ሸክላ አይዋሽም ይል ነበር።

ቀለሙን ማንበብ የተማርኩትም ከእሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ነጩ ንጹሕ፣ ጥቁሩ ቆሻሻ ይመስለኝ ስለነበር ነጭ ካገኘሁ ደስ ይለኝ ነበር። ለካስ ነጭ ማለት ከመጠን በላይ ጋለ ማለት ነው፣ ጥቁር ማለት በረደው ማለት ነው። የተስማማው ካንዴላ ለበሶ የተቆላ ገብስ ይመስላል። ይህን የነገረችን እናቴ ናት። ሰይድ ቀለሙን በምን እንደሚያስረዳኝ ጨንቆት ሲንተባተብ እሷ ገብሱን እያመሰች ቀና ብላ፣ «ይሄን ነው የምትል?» ብላ ፍሬዎቹን በመዳፏ አሳየችው። «ማሻአላህ! እሱን ነው እትዬ» አለ።

በዚያ በጋ ከቆላ የሚወጣው ሰው እየበዛ መጣ። ገበያተኛ አልነበሩም። አህያቸውን ሸጠው ጨርሰዋል፣ አንዳንዱም ልጁን አዝሎ በምርኩዝ ነው የሚወጣ። ሰብል ከጠፋ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ግድግዳችን ላይ የተሰቀሉት ባናዎች ደግሞ ባለቤት እየራቃቸው ሄደ፤ የሚፈልጋቸው ሰው አልመጣ አለ። እኔ ገበያው ስለቀዘቀዘ ነው ብዬ አስብ ነበር። እናቴ ግን ከባናዎቹ ፊት ቆማ ባለቤቶቻቸውን በስም ትቆጥር ነበር፤ ከበረሃው ላይመለሱ እንደሚችሉ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ሬዲዮም ያላሰብነውን ያወራ ጀመር። ወታደር አመፀ፣ ካቢኔው ወረደ፣ ተማሪ ሰልፍ ወጣ ይላል። ነጋዴው የእህል መጋዘኑን ቆልፎ ስለነበር ነገሩ አላማረውምና አንድ ቀን በሌላ ሰው መኪና ወደ አዲስ አበባ ሄደ። የመኪናዋ ቁልፍ ሰይድ ኪስ ውስጥ ቀረ። የከተማው ሽማግሎች መጋዘኑን አስከፈቱና እህሉ ለተራበው ይውረድ፣ አቅም ያጣውም በመኪናዋ ይውጣ አሉ። ሰይድም «ባለቤቷ ሲመጣ እኔን ይጠይቀኝ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

እንዲህ እያለ አንድ ሰው ከታች ወጥቶ ለእናቴ መልእክት ነገራት። አክስቴ የሺ፣ የእናቴ ብቸኛ እህት፣ ቆላ አግብታ የምትኖረው፣ ባሏ ሞቶ ልጆቿን ይዛ ወንዙ ዳር ወድቃለች። ሌሎች ሰዎችም አብረዋት አሉ። ዳገቱን የሚወጣ ጉልበት ማንም የለውም።

እናቴ መቀነቷን ማጥበቅ ጀመረች። ሰይድ ያዛት።

«በእግር ወርደው ማንን ያዝላሉ እትዬ? ሁሉንም አዝለው አይወጡም። አብሽሩ፤ እኔ አመጣቸዋለሁ።»

መጀመሪያ ቀን እህሉን ይዞ የወረደው እስከ አጋማሹ ድረስ ብቻ ነበር፤ መንገዱን ሊፈትሽ። እዚያ ካለው መንደር ጥቂት ሰዎች ጭኖ ሲመለስ ከአፋፉ ላይ ሆነን ድምፅዋን ሰማን። ጣሳ ውስጥ ጠጠር ጨምሮ እንደሚንጥ ሰው ትንኳኳለች። ግቢያችን ስትደርስ ከራዲያተሯ እንፋሎት ይወጣል። ሰይድ ቁልፉን አጠፋ።

ሞተሩ አልጠፋም።

ቁልፉን ነቅሎ በእጁ ይዞታል፣ መኪናዋ ግን እየተንዘፈዘፈች ትሠራለች። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ጎረቤታችን ሼህ ሙሄ፣ «የወንዙ ጂኒ ተከትሏት መጥቷል፤ ራቁላት!» ብለው እጃቸውን ዘርግተው ዱአ ጀመሩ። ሰይድ ፍሬኑን ይዞ ማርሽ አስገባና በግድ አጠፋት። በአንድ ጊዜ ጸጥ አለች። ሼህ ሙሄ «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

«ጂኒ አይደለም ሼህ ሙሄ» አለ ሰይድ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። አንዱን ካንዴላ በጨርቅ ይዞ ፈታና ለእናቴ አሳያት። እኔም በእጇ ሥር አየሁት። ነጭ ነው፤ ነጭ ብቻ ሳይሆን ሸክላው ላይ ትንንሽ ቋቁቻ ወጥቶበታል። «ካንዴላው ፍም ሆኖ ነው። ብልጭታ ሳልሰጠው ራሱ ቤንዚኑን ያቀጣጥላል። ይሄ ከግማሽ መንገድ ነው። ከወንዙ ድረስ በዚያ ሙቀት፣ ያን ሁሉ ሰው ጭኜ፣ በአንደኛ ማርሽ ብወጣ ፒስተኑን ይበሳዋል። መሐል ዳገት ላይ ከቀረን ሌላ መኪና የለም።»

«እንግዲያስ?» አለች እናቴ።

«እንግዲያስማ…» ብሎ ካንዴላውን በጨርቁ አገላበጠ።

ከታች በወንዙ በኩል ደመና መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። አንድ ዝናብ ከዘነበ ያ መንገድ እንኳን መኪና ሰው አያስወጣም። እናቴ ደመናውን አየች፣ ሰይድን አየች።

«ቀዝቃዛውስ? ያ በቆርቆሮ ያለው?»

«እሱማ አለ። ዱሮ የነበራት እሱ ነው፤ እኔ ነኝ ያወጣሁባት። ግን ይህች መኪና የደጋ መኪና ናት እትዬ። በቀዝቃዛ ጠዋት አትነሳም፣ አቀስታ ሳትደርስ ጥላሸት ይደፍናታል። ካንዴላ የሚመረጠው መኪናዋ በምትኖርበት አገር ነው፤ መምህሬም እንዲያ ነው ያስተማረኝ።»

እናቴ ቁጣዋ የሚመጣው ዘግይቶ ነበር፤ ከመጣ ግን መጣ ነው። ነጠላዋን ከትከሻዋ ወደ ወገቧ አወረደችና ወደ ግድግዳችን ጠቆመች።

«አንተ ሰይዴ! ይሄ የተሰቀለው ሁሉ የማን ነው? የደጋ ሰው አይደለም? ደጋ ተወልዶ፣ ደጋ ኖሮ፣ በረሃ ሲወርድ ባናውን እዚህ አኑሮ ይወርዳል፤ ሲወጣ ለብሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ባናውን ለብሶ ዳገት የሚወጣ ጅል እስካሁን አላየሁም። ያንተ መኪና ብቻ ናት በዚያ ንዳድ ባና ተከናንባ የምትወጣ! ሙቁ ካንዴላ ባና ነው ያልክ አንተው አይደለህ?»

ሰይድ እጁ ላይ ያለውን ነጭ ካንዴላ አየ፣ ግድግዳውን አየ። ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም አሉ! ይህን ሁሉ ጊዜ ከባናው ሥር እየተኛሁ!»

«ሂድ አውልቅላት» አለች እናቴ።

ሰይድ መጀመሪያ ታች ወንዙ ዳር እቀይራለሁ ብሎ ነበር፤ ኋላ ተወው። ታች አሸዋ ነው፤ ካንዴላው ሲፈታ በቀዳዳው አሸዋ ከገባ ሞተሩን ይበላዋል። የእኛ ግቢ ግን ጠፍጣፋ ነው፣ ተጠርጓል፣ ነፋሱም ከደጋ ነው። ሲወርድ ትንሽ ጥላሸት ቢይዘው ሲወጣ ዳገቱ ያጠራዋል አለ። ስለዚህ እዚያው፣ ባናው የሚወልቅበት ደጃፍ ላይ፣ ስድስቱን ሙቅ ካንዴላ ፈታ።

እየፈታ ለእኔ ሰጠኝ። እያንዳንዱ ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጣ ሳይምታታ ወደዚያው መመለስ አለበት አለኝ፤ የአንዱ ቀዳዳ ጠባይ ከሌላው ይለያል፣ ቀለማቸውንም በየቀዳዳው ማወቅ ይፈልጋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ አልነበረም። የሰው ባና የለየሁ ልጅ ካንዴላ ያቅተኛል? አንደኛው ጎኑ ላይ ጭረት አለው፣ ሦስተኛው ጥርሱ ጎበጥ ብሏል፣ አምስተኛው ዘይት ዘይት ይሸታል። በቁራጭ ጨርቅ በተራ ጠቀለልኳቸው። እናቴ ተቀብላኝ ከባናዎቹ መካከል ባዶ በነበረ ችንካር ላይ ሰቀለቻቸውና፣ «በል ሂድ፤ አደራህ ተቀምጧል» አለችው። በዚያች ደቂቃ ከንግሥት ልጅ ጋር ብትለውጡኝ እሺ አልልም ነበር።

በማግስቱ ሰይድ ወረደ። ቀዝቃዛው ካንዴላ ጠዋት አስቸግሮት በስንት ግፊያ ነው የተነሳችለት፤ ሰፈሩ በሙሉ ገፋ፣ ሼህ ሙሄ ሳይቀሩ ገፉ። ጥቁር ጭስ እየተፋች ከጠመዝማዛው ሥር ተሰወረች።

ቀኑ አላልቅ አለ። እናቴ ገብስ ልታምስ ተቀምጣ አሳረረችው፤ በሕይወቴ እናቴ ገብስ ስታሳርር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደመናው ከወንዙ ተነስቶ ወደ እኛ መጣ። ሰው ሁሉ አፋፉ ላይ ተደርድሮ ይሰማል። ከቀትር በኋላ ድምፅዋ ከሩቅ መጣ፣ ጠፋ፣ እንደገና መጣ።

«ዝም በሉ!» አሉ ሼህ ሙሄ፣ እጃቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አድርገው። ትንሽ ቆዩና፣ «አትንኳኳም። ወላሂ አትንኳኳም!» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ያ የጠጠር ድምፅ የለም። ወጥ በሆነ ጉርምርምታ፣ ሳትቸኩል፣ እያንዳንዱን ጠመዝማዛ እየጨረሰች ወጣች። ጭስዋ ጠርቷል። አፋፉን ስታልፍ እልልታው ቀለጠ። ሰይድ ግቢያችን አቁሞ ከመስኮቱ ቁልፉን ለሁሉም እያሳየ አጠፋው። ሞተሩ አብሮ ጠፋ። የዚያን ሞተር ዝም ማለት ከሰማኋቸው ዘፈኖች ሁሉ አስበልጠዋለሁ።

ጭነቱ ላይ የነበረው ሰው ግን እልል አላለም፤ አቅም አልነበረውም። አንድ በአንድ በሸክም አወረድናቸው። ከአክስቴ ሦስት ልጆች ሁለቱ ነበሩ። ስለ ሦስተኛው እናቴ አልጠየቀችም፤ አክስቴም አልተናገረች። ትልቁ የአክስቴ ልጅ እጄን ይዞኝ፣ «መኪናዋ የማን ናት?» አለኝ። «የእኛ ናት» አልኩት፤ አላፈርኩም፣ ዛሬም አላፍርም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የደጋው ብርድ ወረደ። የቆላ ሰዎቹ በሳሳ ነጠላ ይንቀጠቀጡ ጀመር። የደንቡ ነገር አሳሰበኝና እናቴን አየኋት። ሰፈሩ ግን ቀድሟት ነበር፤ ሼህ ሙሄ የራሳቸውን ባና ከትከሻቸው አውርደው ለአንዲት አሮጊት አለበሱ፣ ሌላውም ከየቤቱ አመጣ። ከግድግዳችን ላይ አንድም አልተነካ። እናቴ ከሠፈርተኛው መሐል ቆማ ሳያት፣ ይህች ሴት የእኔ እናት ናት ብዬ ለማላውቀው ሰው ሁሉ መንገር አማረኝ።

አክስቴ የሺ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። እናቴ ወደ ጓዳ ገባችና ሣጥኗን ስትከፍት ሰማሁ። አንድ ባና ይዛ ወጣች። የማላውቀው ባና ነበር። ጥለቱን አላውቀውም፤ ጠጋ ብዬ አሸተትኩት፣ የማንንም ቤት ጭስ አይሸትም። እዚያ ቤት ውስጥ እኔ የማላውቀው ባና ይኖራል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅ። የሺ ግን አየችውና እጇን ወደ አፏ ወሰደች።

«በሠርጌ ማግስት… ስወርድ አኑሬው የሄድኩት?»

«እሱው ነው» አለች እናቴ፣ ትከሻዋ ላይ እያደረገችላት።

«እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን? እስካሁን ለሰው አልሰጠሽውም?»

እናቴ ባናውን ከአገጯ ሥር ሰብስባ ያዘችላት።

«አልተመለስሽማ» አለቻት። «ለማን ልስጠው?»